ባለ 600 ሚሊሜትር የመዋኛ ገንዳ አሸዋ ማጣሪያ፦ ጥንካሬው፣ ድክመቱና አያያዙ

ለመዋኛ ገንዳ ከሚቀርቡት ማጣሪያዎች መካከል ቸልተኝነትን በመቻል የአሸዋ ማጣሪያን የሚያህል የለም። እዚህ የምንገመግመው በመካከለኛ የግል ገንዳዎች በብዛት የሚታየውን ዓይነት ነው፤ ወርዱ 600 ሚሊሜትር የሆነ የፋይበርግላስ ታንክ፣ አናቱ ላይ የተቀመጠ ባለ ስድስት መንገድ ቫልቭ፣ ሆዱ ውስጥ 150 ኪሎ ግራም ገደማ አሸዋ። ፋብሪካዎቹ ብዙ ቢሆኑም የውስጥ አሠራራቸው ይመሳሰላል፤ የአንዱን ጠባይ ያወቀ ሌላውን ለመያዝ አይቸገርም።

ፍርዱን አናዘግየው፤ ዕቃው ጥሩ ነው፣ ይገዛል። «ውሃው አልጠራልኝም»፣ «አሸዋ ገንዳ ውስጥ ይተፋል»፣ «ቫልቩ ያፈሳል» የሚሉት ቅሬታዎች ሲመረመሩ አብዛኞቹ የሚመነጩት ከአያያዝ ነው። ለታንኩ ያልተመጠነ ፓምፕ፣ ሳያስፈልግ በየጊዜው የሚደረግ ባክዋሽ፣ ፓምፑ ሳይጠፋ የሚዞር እጀታ፤ ሦስቱ ዋና ጠላቶቹ እነዚህ ናቸው። ባክዋሽ የምንለው ውሃውን ከታች ወደ ላይ በመግፋት አሸዋውን የማጠብ ሥራ ነው።

አሸዋው ቆሻሻን እንዴት ይይዛል?

ለማጣሪያ የሚሆነው አሸዋ ታጥቦ የተነፋ፣ የፍሬው መጠን ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊሜትር የሆነ የሲሊካ አሸዋ ነው። አዲስ ሲሆን ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው) ድረስ የደቀቀ ቆሻሻ ይይዛል። የካርትሪጅ ማጣሪያ ከ10 እስከ 20 ማይክሮን፣ የዳያቶማይት ዱቄት ማጣሪያ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ማይክሮን ድረስ ይወርዳሉ። በቁጥር ብቻ ካየነው አሸዋ ከሦስቱ መጨረሻ ይቀመጣል።

ቁጥሩ ግን የማይናገረው ነገር አለ። መጀመሪያ የተያዘው ቆሻሻ በፍሬዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ያጠብበዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን የደቀቀ ቆሻሻ የሚይዘው ይኸው የጠበበ ክፍተት ነው። ስለዚህ ከታጠበ ጥቂት ቀናት ያለፉት ማጣሪያ ዛሬ ጠዋት ከታጠበው የተሻለ ያጣራል። ይህን ያላወቀ ባለ ገንዳ ውሃው በደፈረሰ ቁጥር ባክዋሽ ያደርጋል፤ ባክዋሽ ባደረገ ቁጥር የተገነባው ይፈርስና ማጣሪያው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ውሃውም እንደደፈረሰ ይከርማል። በየሳምንቱ እሑድ ባክዋሽ የሚደረግላቸው ገንዳዎች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ አያስፈልጋቸውም ነበር።

ታንኩና ፓምፑ ይመጣጠኑ

ከግዢ በፊት ልብ ሊባል የሚገባው ትልቁ ነገር ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ እንበል።

ወርዱ 600 ሚሊሜትር የሆነ ታንክ የአሸዋው ገጽ ስፋት 0.28 ካሬ ሜትር ነው። ታንኩ ላይ የሚለጠፈው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በሰዓት 14 ሜትር ኩብ ይላል። ይህ ቁጥር የሚገኘው በአንድ ካሬ ሜትር አሸዋ ላይ በሰዓት 50 ሜትር ኩብ ውሃ ያልፋል ተብሎ ሲሰላ ነው። ታንኩ የሚችለው ጣሪያ እንጂ ጥሩ ሆኖ የሚያጣራበት ፍጥነት አይደለም። ውሃው በፈጠነ ቁጥር ደቃቁን ቆሻሻ እየገፋ በአሸዋው መሐል ያሳልፈዋል። ብዙ ሕዝብ የሚዋኝባቸው ገንዳዎች ሲነደፉ ፍጥነቱ ወደ 25 ወይም 30 ዝቅ የሚደረገውም ለዚሁ ነው። ለእኛ ታንክ 30ን ብንወስድ በሰዓት 8.5 ሜትር ኩብ ይመጣል።

50 ሜትር ኩብ ውሃ ለያዘ ገንዳ በዚህ ፍጥነት አንድ ዙር ለመጨረስ 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። አንድ ዙር ግን ውሃው በሙሉ ተጣራ ማለት አይደለም። የተጣራው ተመልሶ ካልተጣራው ጋር ስለሚቀላቀል፣ ከአንድ ዙር በኋላ በማጣሪያው ያለፈው 63 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሁለት ዙር በኋላ 86፣ ከሦስት ዙር በኋላ 95 በመቶ ይደርሳል። ፓምፑን በቀን ሦስት ሰዓት አስነስቶ ጥርት ያለ ውሃ የሚጠብቅ ሰው ማጣሪያውን ሊወቅስ አይገባም።

ታዲያ ትንሽና ቀስ ያለ ፓምፕ ገዝቶ መገላገል አይቻልም? አይቻልም፤ ምክንያቱ ባክዋሽ ነው። አሸዋው ከሥር ተነሥቶ፣ ፍሬው ከፍሬው ተላቆ ቆሻሻውን እንዲለቅ በካሬ ሜትር ከ40 እስከ 50 ሜትር ኩብ የሚደርስ ፍሰት ያስፈልጋል። ለዚህ ታንክ በሰዓት ከ11 እስከ 14 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከዚያ ያነሰ ፍሰት አሸዋውን ሳያነሣ በስንጥቅ በስንጥቁ ሾልኮ ይወጣል፤ ቆሻሻው እዚያው ይቀራል። በላዩ ስትመለከቱት ውሃው ቶሎ የጠራ ይመስላል፣ ያላጠበውን ታጠበ ያሰኛል።

ከዚህ አጣብቂኝ ጥሩ አድርጎ የሚያወጣው ፍጥነቱ የሚቀያየር ፓምፕ ነው፤ ሲያጣራ በ8 ገደማ፣ ባክዋሽ ሲደረግ በ12 ወይም በ13። እንዲህ ያለ ፓምፕ ያላቸው ሰዎች የሚሳሳቱት አንድ ነገር ነው፤ ባክዋሹንም በዝቅተኛው ፍጥነት ያደርጉታል። ባለ አንድ ፍጥነት ፓምፕ የሚገዛ ሰው በሰዓት 11 ወይም 12 ሜትር ኩብ የሚሰጠውን ይምረጥ፤ ማጣራቱ ላይ ትንሽ ቢያጣም ማጠቡ ላይ ያተርፋል። የፓምፑን መጠን ስትመለከቱ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን አትያዙ፤ እሱ ያለ ምንም ጫና የሚገኝ ነው። ሠንጠረዡ ውስጥ ገብታችሁ በ10 ሜትር ጫና፣ ማለትም ውሃውን 10 ሜትር ወደ ላይ የመግፋት ያህል ሲከብደው፣ ስንት እንደሚገፋ ፈልጉ።

«ከሆነ አይቀር ትልቁን ታንክ ልግዛ» የሚለው ሐሳብም በልክ መያዝ አለበት። ወርዱ 750 ሚሊሜትር የሆነ ታንክ ለባክዋሽ በሰዓት ወደ 18 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። በትንሽ ፓምፕ የተገጠመ ትልቅ ታንክ ፈጽሞ በቅጡ አይታጠብም፤ ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ አሸዋው ጭቃ ይቋጥራል።

ቫልቩ፦ የዕቃው ስስ ጎን

ታንኩ ራሱ ብዙም አይበላሽም። ቶሎ የሚያስቸግረው እጀታ ያለው ቫልቭ ነው። ስድስት ቦታዎች አሉት፤ ማጣሪያ፣ ባክዋሽ፣ ማለቅለቂያ፣ ወደ ፍሳሽ፣ ሳያጣሩ ማዞሪያ እና ዝግ። ዝግ ላይ እያለ ፓምፕ አይነሣም፤ ከተነሣ ግፊቱ መውጫ አጥቶ ቱቦ ይፈነቅላል ወይም የቫልቩን ክዳን ይሰነጥቃል።

ውስጡ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጋ ጎማ አለ። ስድስቱን መንገዶች እርስ በርሳቸው የሚለያቸው ይህ ጋስኬት ብቻ ነው። እጀታው ወደ ታች ሲጫን የውስጡ አካል ከጎማው ላይ ይነሣና በነጻነት ይዞራል። ፓምፑ እየሠራ ወይም እጀታው በቅጡ ሳይጫን ከዞረ ግን ውሃው ጎማውን ከቦይው መንግሎ ያወጣዋል፣ ያጣምመዋል። አንዴ ብቻ ተደርጎም ሊበላሽ ይችላል።

መበላሸቱ የሚታወቀው በሁለት ምልክት ነው። አንደኛው፣ ቫልቩ ማጣሪያ ላይ ሆኖ ወደ ፍሳሽ የሚሄደው ቱቦ ይንጠባጠባል፤ ገንዳው በየቀኑ ጥቂት ሴንቲሜትር እየጎደለ ባለቤቱ ግድግዳው የተሰነጠቀ ይመስለዋል። ለግንበኛ ከመደወል በፊት የፍሳሹን ቱቦ ጫፍ ማየት ብዙ ወጪ ያድናል። ሁለተኛው አይታይም፤ ያልተጣራው ውሃ በተነሣው ጎማ ሥር ሾልኮ በቀጥታ ወደ ገንዳው ይመለሳል። የግፊት መለኪያው (ጌጁ) ደህና፣ አሸዋው ደህና፣ ውሃው ግን ደፍራሳ።

ጥገናው በቤት የሚሠራ ነው። ፓምፑን አጥፉ፣ መብራቱን ከቆጣሪው ሳጥን ቁረጡ፣ ከፓምፑ በፊትና ወደ ገንዳው በሚመለሰው ቱቦ ላይ ያሉትን መዝጊያዎች ዝጉ። ክዳኑና አካሉ ሲገጠሙ የነበሩበትን አቅጣጫ በማርከር ምልክት አድርጉ፤ ተገልብጦ የተገጠመ ክዳን እጀታው ላይ የተጻፈውን ሁሉ ውሸት ያደርገዋል። ብሎኖቹን ስትፈቱ ከእጀታው ሥር ጠንካራ ሞላ ስላለ ክዳኑን በአንድ እጅ ተጭናችሁ ያዙ። አሮጌውን ጎማ አውጥታችሁ ቦይውን ከአሸዋና ከአሮጌ ማጣበቂያ አጽዱ፤ አንዲት የአሸዋ ፍሬ ከጎማው ሥር ከቀረች ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። ብሎኖቹን መልሳችሁ ስታስሩ በዙሪያው በተርታ አትሂዱ፤ አንዱን አስራችሁ ወደ ትይዩው ተሻገሩ፣ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እያጠበቃችሁ። ለጎማ ቀለበቶቹ የሲሊኮን ቅባት እንጂ ቫዝሊን አትጠቀሙ፤ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ጎማውን ያሳብጠዋል።

ቫልቩ በጎን የሆነ ታንክ አሸዋ ሲቀየር ቱቦዎቹ ሳይነቀሉ አናቱ ይከፈታል። አናት ላይ የተቀመጠው ግን አሸዋ በተቀየረ ቁጥር ከነቱቦው መነሣት አለበት። አናት ላይ ያለውን የምትገዙ ከሆነ ሦስቱንም ቱቦዎች በዩኒየን፣ ማለትም በእጅ ተፈትቶ በሚገጠም ማያያዣ፣ አስገጥሙ። ሥራውን አቅልለው በማጣበቂያ ብቻ የሚገጥሙ ባለሙያዎች አሉ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ አሸዋ ለመቀየር መጋዝ ማንሣት ግድ ይሆናል።

ጌጁ የሚለውን ስሙ

ከዕቃው ሁሉ ርካሹና ወሳኙ ክፍል የግፊት መለኪያው ነው። አዲስ አሸዋ ተሞልቶ፣ ባክዋሽና ማለቅለቅ ተደርጎ ማጣራት ሲጀምር የሚያሳየውን ቁጥር ታንኩ ላይ በማይለቅ ማርከር ጻፉት። 0.8 ባር ነው እንበል። መርፌው ከዚያ በ0.5 እስከ 0.7 ባር ሲጨምር፣ ማለትም 1.3 ወይም 1.5 ሲደርስ፣ ያኔ ባክዋሽ ይደረጋል። በፒኤስአይ የሚያነቡ ከ8 እስከ 10 ጭማሪ ይቁጠሩ። ከዚያ በፊት እጃችሁን ሰብስቡ። ፍጥነቱ የሚቀያየር ፓምፕ ያላቸው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ፍጥነት ላይ ሆነው ያንብቡ፤ አለዚያ ንጽጽሩ ትርጉም የለውም።

ጌጁ ራሱም ይታመማል። ፓምፑ ጠፍቶ መርፌው ወደ ዜሮ ካልተመለሰ፣ ወይም በጣት ሲመታ ዘለል ካለ፣ ጊዜው አልፏል፤ አዲስ ግዙና በቴፍሎን ጠቅልላችሁ በእጅ ግጠሙት።

ግፊት ሲወርድም ወሬ አለው። ከተለመደው በታች ከሆነ ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው፤ የስኪመሩ (ከገንዳው ገጽ ውሃ የሚስበው አፍ) ወይም የፓምፑ ቅርጫት በቅጠል ተሞልቷል፣ የገንዳው ውሃ ከስኪመሩ አፍ በታች ወርዷል፣ ወይም የፓምፑ ክዳን ጎማ ደርቆ አየር ይስባል። ወደ ገንዳው በሚመለሰው ውሃ ላይ አረፋ ከታየ ሦስተኛው መሆኑን ያዙ። ከባክዋሽ በኋላ ወዲያው ግፊቱ ከፍ ብሎ ከቀረ ደግሞ ወይ የመመለሻው መዝጊያ በግማሽ ተዘግቷል ወይ አሸዋው ተጣብቆ ጠንክሯል።

ባክዋሽ፦ በመስታወቱ ውስጥ የሚታየው

ፓምፑን አጥፉ። እጀታውን ተጭናችሁ ወደ ባክዋሽ አዙሩ። የፍሳሹ ቱቦ ክፍት መሆኑን፣ ተጣጥፎም እንዳልታነቀ አረጋግጡ። ፓምፑን አስነሡና ዓይናችሁን ከቫልቩ ጎን ባለችው ትንሽ መስታወት ላይ አሳርፉ።

የመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ውሃ ጥርት ያለ ነው፤ ከአሸዋው በላይ የነበረው ነው የሚወጣው። ወዲያው መስታወቷ ትጠቁራለች፤ አልጌ የነበረበት ገንዳ አረንጓዴ፣ አቧራ የበዛበት ወተት የነካው ቡና ይመስላል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ መሳሳት ይጀምራል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ አትቁሙ። መስታወቷ ማዶ ያለው ነገር በግልጽ እስኪታይ ጠብቁ፤ በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ነው። ከዚያ ፓምፑን አጥፉ፣ ወደ ማለቅለቂያ አዙሩ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ አስኬዱ። ማለቅለቅ አሸዋውን ወደ ቦታው ያሰፍረዋል፣ በቱቦው ውስጥ የቀረውንም ቆሻሻ ወደ ፍሳሽ ይወስደዋል። የዘለለው ሰው ፓምፑን በማጣሪያ ሲያስነሣ ከመመለሻው አፍ ላይ የአቧራ ደመና ሲወጣ ያያል።

ማጣሪያው በጣም ቆሽሾ ከነበረ ሁለቱን ድገሙ፤ ባክዋሽ፣ ማለቅለቅ፣ እንደገና ባክዋሽ፣ ማለቅለቅ። ለሁለተኛ ጊዜ ስትጀምሩ ጠርታ የነበረችው መስታወት ተመልሳ መጥቆሯ ያስገርማል። አሸዋው ተጭኖ ሲነሣ ተደብቆ የነበረው ይወጣል።

በሰዓት 12 ሜትር ኩብ በሚገፋ ፓምፕ የሦስት ደቂቃ ባክዋሽ 600 ሊትር ውሃ ይፈጃል። ክሎሪንና ሌላው ኬሚካል አብሮ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ የገንዳውን ውሃ ሞልቶ መለካት ያስፈልጋል። ይህ ውሃ ክሎሪን ስላለበት ዓሣ ወዳለበት ወንዝ ወይም ወደ ችግኝ ሥር አይለቀቅም።

በዓመት አንዴ ውስጡን ማየት

ባክዋሽ የአቧራና የአልጌ መድኃኒት ነው። የሰውነት ቅባት፣ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ኖራ ግን በእሱ ብቻ አይወጡም፤ ፍሬን ከፍሬ ያጣብቃሉ። ስለዚህ በዓመት አንዴ ታንኩ ይከፈት። ከመከፈቱ በፊት ፓምፑ መጥፋቱን፣ የአየር ማስወጫው ተከፍቶ ጌጁ ዜሮ መግባቱን አረጋግጡ። ይህ ለወግ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ አይደለም፤ በታንክ ውስጥ የታመቀ አየር ክዳን አስፈንጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። ክዳኑን የሚይዘው ማሰሪያ ግፊት እያለ ፈጽሞ አይነካም። ፓምፑንም ስታስነሡ የአየር ማስወጫውን ከፍታችሁ፣ ከታንኩ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ውሃ ሲወጣ ዝጉት።

የአሸዋው ገጽ ሜዳ ሆኖ ከታየ ደህና ነው። በአንድ ወገን ጎድጓዳ ካለ ውሃው መንገድ አበጅቶ በዚያ ብቻ እያለፈ ነው፤ የቀረው አሸዋ ሥራ ፈት ነው። እጃችሁን 10 ሴንቲሜትር ያህል አስገብታችሁ ቆፍሩ። ጤነኛ አሸዋ በጣቶች መካከል ይፈስሳል፣ እንደ ወንዝ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። የታመመው ያሟልጫል፣ ወይም የለውዝ ፍሬ የሚያካክሉ የጭቃ ድብልብሎች ይወጡበታል፤ አንዱን ስትጨምቁት ቡናማ ዝቃጭ ይተፋል። እንደ ቂጣ የጠነከረ ንጣፍ ካጋጠማችሁ ኖራ ነው፤ ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ) ከ7.8 በላይ ሲቆይና ውሃው ጠጣር ሲሆን የሚመጣ።

ለቅባትና ለጭቃ ለአሸዋ ማጣሪያ ተብሎ የሚሸጠው ማጽጃ በደንብ ይሠራል። መጀመሪያ ባክዋሽ አድርጉ፣ ፓምፑን አጥፉ፣ በታችኛው ቡሽ ውሃውን እስከ አሸዋው ገጽ ድረስ አጉድሉ፣ ማጽጃውን ዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ከላይ አፍስሱ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይደር። ጠዋት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባክዋሽ፣ 1 ደቂቃ ማለቅለቅ፣ አረፋው እስኪጠፋ መድገም። የሳህን ሳሙና አትሞክሩ፤ አረፋው ለሳምንታት ከገንዳው አይለቅም። ብዙዎቹ ማጽጃዎች አሲድ ስላለባቸው ክሎሪን የሚያስገባው ዕቃ በመስመሩ ላይ ካለ መጀመሪያ ተነጥሎ ይዘጋ፤ አሲድና ክሎሪን ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ለስስ የኖራ ቅርፊት ይህ ይበቃል። እንደ ሲሚንቶ ለጠነከረው ግን ጊዜ አታባክኑ፤ አሸዋው ይቀየር።

አሸዋ መቀየር

«በየሦስት ዓመቱ ቀይሩ» የሚለውን ምክር አንቀበለውም። አሸዋ እንደ ጨርቅ አያልቅም፤ የሚያበላሸው ቅባትና ኖራ ነው። በየዓመቱ ተከፍቶ የሚታይ፣ የሚታጠብ አሸዋ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል። ከታጠበ በኋላም ግፊቱ በሁለት በሦስት ቀን ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ያኔ ጊዜው ነው።

ሥራው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ኃይል ይቆረጣል፣ መዝጊያዎች ይዘጋሉ፣ ከታች ያለው ቡሽ ተፈትቶ ታንኩ ሌሊቱን ይንጠፈጠፋል። ቫልቩ ሲነሣ መሐል ላይ የቆመውን ቱቦ ይዞ እንዳይመጣ እየነቀነቃችሁ፣ እያዞራችሁ ለዩት። አሸዋው በላስቲክ ኩባያ ወይም ውሃ በሚስብ የቫኩም ማሽን ይወጣል። አካፋ አይገባም፤ ከታች ላተራል የሚባሉ፣ ጎናቸው በቀጫጭኑ የተሰነጠቀ ስምንት ወይም አሥር የፕላስቲክ ጣቶች አሉ። አሸዋ ወደ ገንዳ እንዳይሄድ የሚያግዱት እነሱ ናቸው። አሸዋው ሳያልቅ መሐለኛውን ቱቦ ለመሳብ መታገል እነዚህን ጣቶች በአንድ ጊዜ ይሰብራቸዋል።

አሸዋው ሲያልቅ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፍቱ፣ በብርሃን ላይ ይዛችሁ ተመልከቱ፤ የፀጉር ያህል ስንጥቅ በቂ ጥፋት ነው። አንዱ ተሰብሮ ካገኛችሁ ሁሉንም ቀይሩ፤ አብረው አርጅተዋልና።

መልሶ መሙላት ላይ አብዛኛው ጉዳት በችኮላ ይመጣል፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። የመሐሉን ቱቦ አፍ በፕላስቲክ ከረጢትና በቴፕ ሸፍኑ፤ አንድ እፍኝ አሸዋ እዚያ ከገባ ገንዳው ውስጥ ይወጣል። ታንኩን እስከ ግማሽ ውሃ ሙሉት፤ የሚወርደው አሸዋ ጣቶቹ ላይ በውሃው እየተያዘ ቀስ ብሎ እንዲያርፍ። የአሸዋው አቧራ ለሳንባ መርዝ ነው፤ አፍና አፍንጫችሁን በጥሩ ማስክ ሸፍኑ። ከዚያ 25 ኪሎ የሚይዙትን ከረጢቶች አንድ በአንድ በእርጋታ አፍስሱ፤ ለ150 ኪሎ ስድስት ናቸው። አምራቹ ከሥር ደቃቅ ጠጠር ካዘዘ ጠጠሩ ይቅደም። ታንኩን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ባክዋሽ ሲደረግ አሸዋው የሚነሣበት ባዶ ቦታ ይሻል፤ ሲሞላ ግን ተንሳፎ ወደ ፍሳሽ ይሄዳል። የግንባታ አሸዋ በምንም ምክንያት አይተካውም፤ አፈርና ኖራ አለበት፣ የፍሬው መጠንም የተዘበራረቀ ነው።

ሲገጠም መጀመሪያ የሚደረገው ባክዋሽ ነው፣ ማጣራት አይደለም። አዲስ አሸዋ የራሱ አቧራ አለው። ሁለት ሦስት ዙር ባክዋሽና ማለቅለቅ ካደረጋችሁ በኋላ በማጣሪያ አስነሡና አዲሱን ንጹሕ ግፊት ጻፉ።

ከሁለት ቀን በኋላም ገንዳው ሥር ከመመለሻው አፍ ፊት ለፊት አሸዋ መከመሩን ካያችሁ ወይ ጣት ተሰብሯል፣ ወይ መሐለኛው ቱቦ ከቦታው ወጥቷል፣ ወይ የገዛችሁት አሸዋ ከልክ በላይ ደቃቅ ነው። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት ቢታይ ግን አትደንግጡ።

ብርጭቆና ዚዮላይት

በአሸዋ ፋንታ የተፈጨ ብርጭቆ የሚሞሉ አሉ። ፍሬው ልስልስ ስለሆነ ቅባትና ተሕዋስያን በቀላሉ አይጣበቁበትም፤ በክብደት ከ15 እስከ 20 በመቶ ባነሰ መጠን ይሞላል። አሸዋ ለሚቀይር ሰው ተገቢ ምርጫ ነው፣ ዋጋው ከአሸዋ በብዙ ይበልጣል እንጂ። ጤነኛ አሸዋ አውጥቶ ብርጭቆ መሙላት ግን አይመከርም። ዚዮላይት የተባለው ማዕድን ከአሸዋ የደቀቀ ቆሻሻ ይይዛል፣ አሞኒያም ይስባል። የሳበው አሞኒያ ስለሚሞላው ግን በየጊዜው በጨው ውሃ መታደስ ይፈልጋል። ይህን የማያደርግ ሰው ከአሸዋ ጋር ይቆይ።

የማይችለው

የሞተ አልጌ ዱቄት በአሸዋ መሐል አልፎ ይመለሳል። እዚህ ላይ ጥቂት ማጥሪያ ፈሳሽ ደቃቁን አያይዞ ያግዛል። አልም የተባለውን ቆሻሻ አስፋሪ ጨው ከተጠቀማችሁ ግን በማጣሪያው አታሳልፉት፤ ቫልቩን ሳያጣሩ ማዞሪያ ላይ አድርጋችሁ አዋህዱ፣ ፓምፑን አጥፍታችሁ አሳድሩ፣ ጠዋት የሰፈረውን በቫኩም በቀጥታ ወደ ፍሳሽ አውጡ። እንደ ንፍጥ የሚጋገረው ዝቃጭ አሸዋው ውስጥ ከገባ በአንድ ሰዓት ይዘጋዋል።

ክሪፕቶስፖሪዲየም የተባለው የተቅማጥ ተሕዋስም ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ስለሆነ በአሸዋ ያልፋል፤ በሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን ባለበት ውሃ ውስጥ ከሰባት ቀን በላይ በሕይወት መቆየት ይችላል። ሕፃናት የሚበዙበት ወይም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ገንዳ ያለው ሰው በዚህ ታንክ ብቻ አይተማመን፤ ከማጣሪያው በፊት የሚጨመር አያያዥ ኬሚካልና ከበስተኋላው አልትራቫዮሌት መብራት ያስፈልገዋል።

ከ40 እስከ 60 ሜትር ኩብ ለሚይዝ የቤት ገንዳ፣ ውሃ ለባክዋሽ ማፍሰስ ለማይከብደው ሰው ይህ ታንክ ተመራጭ ነው። ውሃ በጣም በሚያጥርበት ቦታ ካርትሪጅ ይሻላል፤ እሱ ተፈትቶ በውሃ ጎማ ስለሚታጠብ የሚፈጀው ጥቂት ነው። ስትገዙ ታንኩን ብቻ አትዩ። የዚያው ሞዴል ላተራል፣ የሸረሪቱ ጋስኬት፣ የክዳኑ ትልቅ የጎማ ቀለበትና ጌጅ ለብቻ ይሸጡ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሌሉ ታንኩን እዚያው ተዉት። ካሉ ከእያንዳንዱ አንድ፣ ከላተራሎቹ አንድ ሙሉ ስብስብ አብራችሁ ግዙና ከፀሐይ ራቅ ባለ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ።